«እንጂ» ወይስ «እንጅ»?

በየቤቱ አንድ አራሚ አለ። በአንዱ ቤት አባት ነው፤ ልጁ እንግሊዝኛ ስትናገር ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቅና «‹ሺ ጎ› አይባልም፣ ‹ሺ ጎዝ› በዪ» ይላል። በሌላው ቤት እናት ናት፤ ለበዓል የተላከላትን የመልካም ምኞት መልእክት አንብባ ሳትጨርስ «‹ዓመት› በአልፋው ‹አ› ይጻፋል እንዴ?» ትላለች። በሦስተኛው ቤት ደግሞ አራሚዋ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት የሰማችውን ይዛ መጥታ ቤተሰቡን በሙሉ ታርማለች።

እኔ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የምውለው ከቃላት ጋር ነው፤ ብሮሹር፣ ባነር፣ የፌስቡክ ማስታወቂያ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ። አንድ ባነር ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰው ያየዋል። ሦስቱም የየራሳቸው «ትክክል» አላቸው። መስከረም በመጣ ቁጥር ቢሮ ውስጥ የሚነሳው ክርክር ከወጪው በጀት ክርክር ይረዝማል።

የሚገርመኝ ክርክሩ አይደለም። የሚገርመኝ ሁላችንም ሕጉን ከሰማይ እንደወረደ አድርገን መያዛችን ነው። የሰዋስው ሕግ ግን ያወጣው ሰው፣ የወጣበት ዘመንና የተቃወመው ወገን አለው። ያንን ታሪክ ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ልጆቻችንን ስናርም ምን እያረምን እንደሆነ ስለሚያሳየን ነው። ዛሬ ይህንኑ እናውጋ። (ዓመተ ምሕረቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

መሰላሉን ማን አቆመው?

«ሰዋስው» የሚለው ቃል በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ስሙ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ሰዋስው የሚወጡበት እንጂ የሚመቱበት አልነበረም። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ ግስ ይገሳል፣ አገባብ ይማራል፤ አገባቡም ዐቢይ፣ ንዑስ፣ ደቂቅ ተብሎ የተከፈለ ነው። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ሞልቶ፣ የተጣመመውን አቃንቶ ይመልስለታል። ስለ ትክክለኛ ቋንቋ መከራከር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት የነበረ ነው።

እኛ ያለንበት የደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ በዚህ ነገር የታወቀ ነው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ እውቀቱን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ይህን «የመጨረሻው ዳኛ» ልንለው እንችላለን። ነገር ግን የቤተልሔም ዜማ ብቻ ትክክል፣ ሌላው ሁሉ ስሕተት ነው አልተባለም፤ ቆማና አጫብር የሚባሉ የዜማ ስልቶችም አሉ። የአንዱ ቤት ተማሪ በራሱ ቤት ሕግ ይታረማል እንጂ በሌላው ቤት ሕግ አይዳኝም። ጥብቅ ሕግና ከአንድ በላይ ትክክል አብረው መኖር እንደሚችሉ አባቶቻችን አሳይተውናል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ለረጅም ዘመን የትምህርትና የጽሑፍ ቋንቋ ግዕዝ ስለነበረ አማርኛ የራሱ የሰዋስው መጽሐፍ ሳይኖረው ቆይቷል። በኅትመት የወጣው ቀዳሚው የአማርኛ ሰዋስው የታተመው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ላይ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1698። ጸሐፊው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ሲሆን፣ ቋንቋውን ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሁለቱ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጣትም፤ የአባ ጎርጎርዮስ አንደበት ግን መጽሐፍ ሆነ።

እዚሁ ደብረ ታቦር መዲናቸው የነበረችው ዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕላቸው በአማርኛ ተጻፈ፤ ከዚያ በፊት የነገሥታት ታሪክ የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። ደብተራ ዘነብ ያንን ታሪክ ሲጽፉ ከፊታቸው የአማርኛ አጻጻፍ መመሪያ አልነበረም። የሚጽፉት እንደሚናገሩትና ከግዕዝ እንደወረሱት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከዚሁ አካባቢ፣ ከይፋግ፣ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ተነሡ። አለቃ ታዬ በምጽዋ አጠገብ በነበረው የምንኩሉ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሰዋስው መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ወደ በርሊን ተልከው እዚያ ቋንቋ አስተማሩ። ይፋግን ዛሬ በመኪና ስናልፍ የምናስታውሰው ገበያውን ነው፤ የሰዋስው መምህር ያበቀለች አገር መሆኗንም ለልጆቻችን ብንነግራቸው አይከፋም።

ሞክሼዎቹ

በአማርኛ ላይ ረጅሙ ጠብ የፊደል ጠብ ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሞክሼ እንደሚባሉ ሁሉ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትም ሞክሼ ይባላሉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ዘጠኝ ፊደላት ለአራት ድምፅ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስንቆጥራቸው 63 ይሆናሉ፤ በአራት ቢወከሉ 28 ይበቃሉ። ከ231ዱ የገበታ ፊደል 35ቱ ይቀነሳል ማለት ነው።

በጥንቱ ግዕዝ እነዚህ ፊደላት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካላችሁ ሐመሩን ሐ እና ዓይኑን ዐ ከጉሮሮው ሲያወጣ ትሰሙታላችሁ። በአማርኛ ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ ቀረ። የድሮ የብራና ጸሐፍት ሳይቀሩ አንዱን በሌላው ይለዋውጡ ነበር።

የሚጠበቁ ይሁኑ የሚሉት ሊቃውንት ምክንያታቸው ትርጉም ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሲጻፍ ሌባ ነው። «መሀረ» በሃሌታው አስተማረ፣ «መሐረ» በሐመሩ ይቅር አለ ነው። ስለዚህ ትምህርት በሃሌታው፣ ምሕረት በሐመሩ። ፊደሉን ስታጠፉ የቃሉን የትውልድ ሐረግ ታጠፋላችሁ ይላሉ። በዚህ ጎራ ስማቸው የሚጠራው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት፣ በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ደስታ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። ልብ በሉ፤ «ዐዲስ» በዓይኑ ዐ ነው፣ «የአማርኛ» የሚለውም «ያማርኛ» ተብሏል። ዛሬ እኔ ያንን ርእስ ባነር ላይ ባወጣው ስልኬ ሲጮህ ይውላል።

ይቀነሱ የሚሉት ደግሞ ስለ ሕፃኑና ስለ መሣሪያው ያስባሉ። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ሲደክሙ ትልቁ ፈተና የፊደሉ ብዛት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም ከለውጥ ፈላጊዎቹ አንዱ ነበሩ። እርሳቸውን የበለጠ ያሳሰባቸው ሌላ ጉድለት ነበር፤ ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ ምልክት የለውም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ኖረ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። መጽሐፉ በአገሩ ሁሉ ተወደደ፣ በሬዲዮ ተተረከ፤ ነጥቡን ግን የተከተለው ሰው ጥቂት ነው።

በ1960ዎቹ የአማርኛ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ። መዝገበ ቃላትም ወጣ፣ ጥናትም ተጠና። ጠቡ ግን አልተፈታም። አሁን ያለ ማንም ውሳኔ እየፈታው ያለው የእጅ ስልክ ነው። በስልካችን ስንጽፍ ቶሎ የሚመጣው ሃሌታውና እሳቱ ነው፤ ብዙኃኑንና ንጉሡን ለማግኘት ተጨማሪ መንካት ይጠይቃል። የተቸኮለ ጣት የሊቃውንትን ክርክር ሳይሰማ ይወስናል።

ስምንት ወይስ አምስት?

ልጃችሁን የአማርኛ የቤት ሥራ ስታግዙ «እኛ እንዲህ አልተማርንም» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። የቀደመው ትውልድ የተማረው የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው ተብሎ ነው፤ ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምር፣ ቃለ አጋኖ። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» ብዙ ትውልድ ያሳደገው በዚህ መንገድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የፕሮፌሰር ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ሲወጣ ክፍሎቹ አምስት ሆኑ። ተውላጠ ስም ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ከስም ጋር ገባ።

ታዲያ አያት ተሳስተዋል? አልተሳሳቱም። ስምንት የሚለው ቁጥር ከጥንት የግሪክና የላቲን ሰዋስው ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነው፤ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎችም በዚያው ልክ ተሰፍተዋል። አምስት የሚለው ደግሞ አማርኛን በራሱ ጠባይ ለመለካት የተደረገ ሙከራ ነው። ቋንቋው አንድ፣ መለኪያው ሁለት። ልጁ ለፈተናው መምህሩ ያስተማረውን ይጻፍ፤ እናንተ ደግሞ «ተሳስቷል» ከማለት «እኛ ስንማር በሌላ መለኪያ ነበር» ብትሉት፣ ልጁ ከአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር ይማራል።

እንግሊዞችስ?

ለእንግሊዝኛ ያለን ክብር ልዩ ነው። ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ የሚማርበት ቋንቋ ስለሆነ ብዙ ወላጅ ከደመወዙ ቆርሶ የሚከፍለው ለእርሱ ነው። ስለዚህም የእንግሊዝኛ ሕግ ንቅንቅ የማይል ይመስለናል። ባለቤቶቹ ግን ሲጣሉበት ኖረዋል።

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1635 ለቋንቋቸው አካዳሚ አቋቋሙ። ጸሐፊው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1712 ለእንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ተቋም ይቁም ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ራሱ የአካዳሚውን ሐሳብ አልወደደውም። ስለዚህ ሕጉን ያወጡት ግለሰቦች ሆኑ። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ማለቅ የለበትም ብሎ ነቀፈ፤ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን» ዓይነቱን ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው ምርጫ ለሦስት መቶ ዓመታት የተማሪ መቅጫ ሆኖ ኖረ። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1762 ትንሽ የሰዋስው መጽሐፍ አወጣ፤ በታላላቅ ደራሲያን ጽሑፍ ላይ ሳይቀር ስሕተት እየለቀመ አሳየ።

ለእኛ ልጆች በጣም የሚቀርበው የሁለት አሉታ ጉዳይ ነው። የእኛ ልጅ «አይ ዶንት ሲ ናቲንግ» ይላል፤ መምህሩ ቀይ እስክርቢቶ ያወጣል። ልጁ ያንን ያለው ግን አማርኛው እንዲህ ስለሚል ነው፤ «ምንም አላየሁም»። በአማርኛ አሉታው ከግሱ ፊትም ከኋላም ይመጣል፤ «አል» ብለን ጀምረን በ«ም» እንዘጋለን። አንዱን ብንተው ዓረፍተ ነገሩ ይንገዳገዳል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው ቾሰርም አሉታ ይደራርብ ነበር። ሁለት አሉታ አንድ አዎንታ ይሆናል የሚለውን ሒሳብ በቋንቋው ላይ የጫኑት በኋላ የመጡት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው። ልጃችሁ ለፈተና «አይ ዶንት ሲ ኤኒቲንግ» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የተሳሳተው፤ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጭንቅላት ስለተገናኙ ነው።

አንድ ልጨምር። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለአንድ ሰው «ዘይ» ይባላል አይባልም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። «ዘይ» እነርሱ ነውና ለአንድ ሰው እንዴት ይሆናል ነው ነገሩ። እኛ ለአንድ አባት «እሳቸው መጡ» ስንል ግሱን በብዙ ቁጥር እናደርገዋለን፤ ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም «ዩ» የሚለው ቃል ድሮ ለብዙ ሰው የሚባል ነበር፤ ለአንድ ሰው «ዛው» ነበር የሚባለው። ትልልቅ ሰዎችን ለማክበር «ዩ» ማለት ሲለመድ፣ የኩዌከሮች መሪ ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1660 ለአንድ ሰው የብዙ መጠሪያ መስጠት ስሕተት ነው ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። ተከታዮቹ ለሹም ሳይቀር «አንተ» እያሉ በመናገራቸው ቁጣና ዱላ ደርሶባቸዋል። ሰዋስው የሚመስለው ጠብ ውስጡ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የአክብሮት ጠብ ነው።

የገሳይዋ አያት

ይህ የአክብሮት ነገር ወደ ቤታችን ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አንድ የማውቀው ቤት አሳይቶኛል። አያት ከገሳይ መጥተዋል፤ ድንቹን፣ ገብስ ቆሎውን ይዘው። ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲኬድ በመንገዱ ላይ ያለች የጉና ጎረቤት ናት፤ የከተማ ልጆች አያታቸውን ለማየት የሚወጡባት ዓይነት አገር። ቡና ተፈልቷል። አያት ጨዋታ ጀምረው «እኔስ መጥቼ ነበር እንጅ…» ሲሉ የልጅ ልጃቸው ቀደም አለች። «እማማ፣ ‹እንጅ› አይባልም፤ ‹እንጂ› ነው። ሚስ ነግራናለች።» ሁሉም ሳቀ፤ አያትም ሳቁ። «እሺ ልጄ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታው አልቀጠለም። አያት ሲጠየቁ «አዎ»፣ «ደኅና ነው» ብቻ ሆነ መልሳቸው። የጀመሩት ታሪክ ምን ነበር? ማንም አልሰማውም።

አሁን ቃሉን እንመርምረው። «እንጅ» በጎንደርና በጎጃም የኖረ አነጋገር ነው። «ገዢ» እና «ገዥ»፣ «ሰጪ» እና «ሰጭ»፣ «እትዬ» እና «እትየ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ የአንዱ አገር ሰው መጨረሻውን ያረዝመዋል፣ የሌላው ያሳጥረዋል። እኔ በሥራዬ የማስተውለው አንድ ነገር አለ። ማስታወቂያ ላይ «ሻጭ» ብለን እንጽፋለን፣ አጠገቡ ደግሞ «ገዢ» እንላለን። በአንድ ሕግ ብንሄድ ወይ «ሻጪና ገዢ»፣ ወይ «ሻጭና ገዥ» መሆን ነበረበት። ሻጩን በእኛ አገር ስልት፣ ገዢውን በሌላው አገር ስልት ጽፈን «ትክክለኛው አማርኛ» ብለነዋል። መጽሐፍ የገባው የአንዱ አገር አነጋገር ነው፤ ያልገባው ደግሞ የአያት አነጋገር። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ሌላም አለ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። የከተማ ልጅ «እርስዎ» ይላል። «አንቱ» የገጠር ነው ብሎ ያፈረ ልጅ አያቱን በየትኛው ቃል ሊያከብር ነው?

የዚያች ልጅ እናት ብልኅ ነበረች። ልጇን አልተቆጣችም። በማግስቱ ደብተር ሰጥታ «አያትሽ የሚያውቋቸውን፣ አንቺ የማታውቂያቸውን አሥር ቃላት ጽፈሽ አምጪ» አለቻት። ልጅቱ እንዝርት፣ ልቃቂት፣ ጎታ፣ አውድማ እያለች ጻፈች፤ ትርጉሙን ስትጠይቅ አያት እጃቸውን እያወዛወዙ ማስረዳት ጀመሩ። እንዝርት እንዴት እንደሚሾር ለማሳየት ተነሥተው ቆሙ። አራሚዋ ተማሪ ሆነች፤ አያትም አንደበታቸው ተመለሰ።

ሕግ አያስፈልግም ማለት ነው?

አይደለም። ሕግ ከሌለ እኔ ሥራዬን መሥራት አልችልም፤ እናንተም ሰነዳችሁን ማስተካከል አትችሉም። ስምን እንውሰድ። በልደት ምስክር ወረቀት ላይ «ኃይለ»፣ በትምህርት ማስረጃ ላይ «ሀይለ»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ስም ያለው ወጣት ፓስፖርት ወይም ሥራ ሲፈልግ ምን ያህል ቢሮ እንደሚመላለስ ያየ ያውቀዋል። ኮምፒዩተር ሞክሼ አያውቅም፤ ለእርሱ ሐመሩና ሃሌታው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ የስሙን አጻጻፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ጊዜ ወስኑ፣ ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ በየሰነዱ ላይ ያንኑ አስጽፉ። የትኛውን መረጣችሁ ሳይሆን አለመለዋወጣችሁ ነው የሚጠቅመው።

ሕጉ ቋንቋውን ከመዝረክረክም ይጠብቀዋል። «መምህራን» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «መምህራኖች» ስንል በብዙው ላይ ብዙ እንጨምራለን። «ቃላቶች»፣ «ሕፃናቶች» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ጽሑፍ ላይ ይህን ማረም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉም ነቀፋ ዕድሜ እንዳለው እንወቅ። «ሚና ተጫወተ» የሚለው ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ ሚና እንዴት ይጫወታሉ ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል፤ ዛሬ ዜና አንባቢው ሳያስበው ይለዋል። የትናንት ስሕተት የዛሬ ልማድ ይሆናል። የአንዳንዱ ዕጣ ደግሞ የነገ ሕግ መሆን ነው።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ልጅ ሲናገር የሰማነውን ከማረማችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንለይ። የመጀመሪያው ትርጉም የሚያበላሽ ስሕተት ነው፤ ይህን ወዲያው ማቃናት ደግ ነው። ሁለተኛው የጽሑፍና የፈተና ሕግ ነው፤ ይህን ደብተር ላይ፣ ረጋ ብለን፣ «ስትጽፊ እንዲህ ነው» ብለን እንንገራት። ሦስተኛው የአገርና የትውልድ ልዩነት ነው፤ ይህ አይታረምም፤ «በዚያ አገር እንዲህ ይባላል» ተብሎ ይነገራል እንጂ። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያመጣው ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው መቁጠራችን ነው።

እርማቱም ጊዜና ቦታ አለው። ልጅ በእንግዳ ፊት በእንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሲደፍር መሐል ላይ ብናቋርጠው የሚማረው ሰዋስውን ሳይሆን ዝምታን ነው። ይጨርስ። ከዚያ እኛ ያንኑ ሐሳብ በትክክለኛው መንገድ ደግመን ብንመልስለት ጆሮው ይይዘዋል። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ለብቻው ማስረዳት ይቻላል።

ከተቻለም ቤት ውስጥ አንድ መዝገበ ቃላት ይኑር። የደስታ ተክለ ወልድን ያገኘ በእርሱ፣ በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያወጣውን «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ያገኘ በዚያ ይጠቀም። ሁለቱም ካሉ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አንድ ቃል ላይ ሲለያዩ ልጁ «የትኛው ነው ትክክል?» ይላል። ያኔ ነው ጥሩው ጨዋታ የሚጀመረው። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለምን ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ።

በዚህ ወር አያት ወይም አጎት ከገጠር ሲመጡ አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉና የልጁን ደብተር ክፈቱ። አሥር ቃል ይበቃል። «እንጅ» ካሉም «እንጅ» ብላችሁ ጻፉት።